እማዬ የማትቆርጣቸው አበቦች

ወሬው የደረሰኝ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን፣ ከሱቄ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ለደንበኛ ዳቦ ሳቀብል ነው። ታናሽ ወንድሜ ታምራት በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሆሳዕና ያለው ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። «እትዬ፣ ግቢው አላማረም?» ይላል ከሥሩ። ዘመድ ሁሉ «ጌታ ይባርካችሁ» እያለ ጽፏል። የእኔ ዓይን የፈለገው የእማዬን የአበባ መደብ ነበር። የለም። እማዬ ካረፈች ገና ዓመቷ ነው።

ልጆች ሆነን ያንን አበባ የምንጠራው «ቅርንፉድ አበባ» ብለን ነበር፤ ሽታው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ትክክለኛ ስሙን ዛሬም አላውቀውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይዘራል፤ ብርድ ይወዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጎመኑን ሲያጠወልገው እሱ ነጭና ሐምራዊ ሆኖ ይፈካል። ቀን ብዙም አይሸትም። አመሻሹ ላይ ግን፣ ከብቶቹ ገብተው አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ መዓዛው አጥር ዘሎ መንገድ ይወጣል። ከመዝሙር ልምምድ ስንመለስ ቤት መድረሳችንን የሚነግረን አፍንጫችን ነበር።

አበባው ታዲያ ከአንድ ዘር ሁለት ዓይነት ሆኖ ይወጣል። አንዱ ድርብ ነው፤ እንደ ጽጌረዳ ተደራርቦ ያብባል። ሌላው አራት የአበባ ቅጠል ብቻ ያለው ከሲታ ነጠላ ነው። ድርቡ ያምራል እንጂ አያፈራም። እንደ ጎመን ቀጭን ዘንግ አውጥቶ ዘር የሚቋጥረው ነጠላው ነው፤ የከርሞው ድርብም የሚገኘው ከእሱ ነው። ስለዚህ እማዬ ለቤተ ክርስቲያን መድረክም ሆነ ለታመመ ጎረቤት ስትቆርጥ ነጠላውን አትነካም።

አንድ ዓመት ከሌሞ ገጠር ሠርገኞች በጋሪ መጥተው ለሙሽራቸው አበባ ለመኑ። እማዬ ድርቡን አንድ ሳታስቀር ቆርጣ ሰጠቻቸው። የሙሽራዋ አክስት ግን መደቡን ዘወር ብላ አየችና፣ «የታምራት እናት፣ እነዚህንስ ለማን ነው? ይቺን ከሲታ እንኳ ለልጃችን ነፈግሻት?» አለች።

«ኧረ አልነፈግኋትም» አለች እማዬ። «እነዚህ የታናሽ እህቷ ሠርግ ናቸው።»

ባለጋሪው ሳይቀር ሳቀ። ታናሽየዋ ስታገባም እውነትም መጥተው ወሰዱ።

ፎቶውን እንዳየሁ ታምራት ጋ ደወልኩ።

«አበባውስ?»

«እትዬ ደግሞ! ቆንጆ ቆንጆውን የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተክለነዋል፤ በረንዳ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የወጣት ኅብረት ልጆች አገዙን፤ ጎረቤቱም አጥሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ነበር። ያንን አረም የመሰለውን ብቻ ነው ነቅለን እንሰቱ ሥር የጣልነው።»

«አረም?» ብዬ ስጮህ ደንበኛዬ ደንግጦ ዳቦውን ለቀቀው።

ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ተቆጣሁ። እስከ አሁንም አልበረደልኝም። ድንጋይ ማንጠፋቸው አይደለም፤ ጭቃ ማን ይወዳል? ያንገበገበኝ፣ እማዬ ያሳደገችው ልጅ የሚያምረውን ሰብስቦ የሚወልደውን መጣሉ ነው። እናንተስ፣ ይህን የምታነቡ ጎረቤቶቼ? ስትፈልጉ ከእኛ እየቆረጣችሁ አንዳችሁም ዘሩን አልያዛችሁም። አጥሩ ላይ ቆማችሁ ሲነቀል ስታዩ አንዲት ቃል ጠፋችባችሁ? በረንዳው ላይ ያለው ብርዱ ሲያልፍ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የእማዬ አበባ የለም። ድሮ የሰው ግቢ በመዓዛው ይለይ ነበር። ዛሬ ሁሉም አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ በሩ ላይ አንድ ዓይነት የፕላስቲክ አበባ።

በዚያ ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ ልጆችም ጎረቤቶችም፣ እለምናችኋለሁ። እንሰቱ ሥር ሄዳችሁ የጣላችሁትን ገለጥ ገለጥ አድርጉት። ዘር የቋጠረ ዘንግ ያለበት ካገኛችሁ በጨርቅ ላይ እሹት፤ ጠፍጣፋ ዘር ይረግፋል። ባታገኙም፣ ዝናብ ሲጥል እዚያ ቦታ ላይ አመድማ ቡቃያ ብቅ ካለ ስለ ጌታ ብላችሁ አትኮትኩቱት። ላኩልኝ አልልም። እስኪያፈራ ድረስ ማንም እንዳይነካው ጠብቁልኝ።