ደንገል ባንድ ለፍቅር ፊልም ወደ ዘጌ ሲሻገር

አርብ፣ ከቆላ ድባ ወደ ባሕር ዳር

ከቆላ ድባ የተነሣሁት አርብ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ የዚያን ቀን የሄድሁት ግን ለሙዚቃ ነው። ዩኒቨርሲቲ በነበርሁባቸው ዓመታት ባሕር ዳር ውስጥ ደንገል በሚባል የጃዝ ባንድ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ባንዱ አሁን በአንድ የፍቅር ፊልም ውስጥ እንዲጫወት ተጠይቋል፤ የዛሬው ኪቦርድ ተጫዋች ደግሞ ከሞተር ሳይክል ወድቆ እጁ ጀሶ ውስጥ ነው። ባስ ጊታር የሚመታውና ባንዱን የሚመራው ጋሽ ሙሉቀን ደወለልኝ። «ትዕግስት፣ ሁለት ቀን ብቻ ስጪን፤ ያላንቺ ጎደሎ ነን» አለኝ። ርዕሰ መምህራችን የአርብ ክፍለ ጊዜዬን ወደ ማክሰኞ እንዳዛውር ፈቀዱልኝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ደጋግሜ ጠይቄ ተሳፈርሁ።

አዘዞ ላይ ወርጄ የባሕር ዳሩን ሚኒባስ ያዝሁ፤ አራት መቶ ብር፣ የኋላ ወንበር፣ ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ። ማክሰኝት ገበያተኛው አስፋልቱን ሞልቶት ስለነበር ሾፌሩ ጡሩንባውን ትቶ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እየለመነ አለፈ። ከአዲስ ዘመን ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። የፎገራ ሩዝ ገሚሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ገሚሱ ቢጫ ሆኖ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወረታ የሚወርዱ የሩዝ ነጋዴ ነበሩ።

«ባሕር ዳር ለምን ትሄጃለሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ፊልም ላይ ሙዚቃ ልጫወት ነው እናቴ።»

«አርቲስት ነሽ?»

«መምህር ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ልጆቹን ማን ያስተምርልሻል?»

«ማክሰኞ እክሳቸዋለሁ» አልኋቸው፤ ወረታ ላይ መርቀውኝ ወረዱ።

ስድስት ሰዓት አካባቢ ዓባይን ተሻግሬ ከተማ ገባሁ። ልምምዱ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ መዝናኛ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ድራሙ ተተክሏል፣ ሳክስፎኑ ይሞከራል። ድምፃዊቷ እትዬ ዙፋን ግን ቦርሳዋን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እሷም ጋሽ ሙሉቀንም ከሃምሳ ዓመት አልፈዋል፤ ቢሆንም ባንዱ ውስጥ አንቱ አያስብሉም።

የፊልሙ ዳይሬክተር ሄለን ከአዲስ አበባ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። የሚያሠራት ድርጅት የለም፤ ፊልሙን የምትሠራው ከጓደኞቿ ጋር ተጋግዛ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንድ የጀልባ መካኒክና አንዲት ነርስ ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ በመጨረሻ ዘጌ ወደብ ላይ ባንድ እየተጫወተ ይገናኛሉ። ለዚያ መገናኛ ሄለን የምትፈልገው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ ከአሮጌ የደንገል ካሴት ላይ የሰማችውን።

ጠብቀኝ ከማዶ፣ ጀልባው ቢዘገይም፤
ውሃ ነው መሃሉ፣ ሰው አያለያይም።

ይህን ዘፈን ጋሽ ሙሉቀን የጻፈው ለእትዬ ዙፋን ነው፣ ባልና ሚስት ሳሉ። ከተለያዩ አስራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ሥራቸውን ግን አልተዉም፤ እሑድ እሑድ አንድ መድረክ ላይ ይቆማሉ፣ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላዋ። ያን ዘፈን ግን ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። አብሬያቸው በሠራሁባቸው ዓመታት ምክንያቱን አልጠየቅሁም ነበር። ያን ቀን ራሷ ነገረችኝ።

«ሁለተኛ ሚስቱን ሲያገባ በሰርጉ ላይ ይህንኑ በሌላ ዘፋኝ አስዘፈነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔም ተጠርቼ ሄጃለሁ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አብሬ አጨበጨብሁ። ምን ላድርግ?»

ሄለን መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እትዬዬ፣ ካሜራውን የተከራየሁት እስከ ነገ ነው። ሌላ ዘፈን ሞከርኩ፣ ትዕይንቱ ሞተብኝ።»

«ልጄ፣ ዘጌ እመጣለሁ፤ ያላችሁትን ሁሉ እዘፍናለሁ። ይህን ግን አልዘፍነውም።»

ጋሽ ሙሉቀን ሰምቷል። የባሱን ክር መጥረግ ቀጠለ። ማታ በያይነቱን ከአንድ ትሪ ስንበላ እንኳ ሁለቱ ቀና ብለው አልተያዩም።

ቅዳሜ፣ ሐይቁ ላይ

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሣ ለመሻገር ብለን በጠዋት ጀልባ ላይ ወጣን። አስራ ሁለት ሰው፣ ድራም፣ ካሜራ፣ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች። ቦታ ሲደለደል እኔ በጋሽ ሙሉቀንና በእትዬ ዙፋን መካከል ተገኘሁ። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ማንም ከማንም አይደማመጥም ነበር።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን ጋሽ ሙሉቀን በእኔ ላይ አልፎ ወደ እሷ አጎነበሰ። አንድ ነገር አለ። እሷ ጆሮዋን እያመለከተች አልሰማሁም አለችው። ጮክ አድርጎ ደገመው፤ አሁንም አልሰማችም። ሦስተኛውን ሊጮህ አፉን ሲከፍት ጀልበኛው ከፊታችን በታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጅ አየና ሞተሩን ድንገት አጠፋው።

«በሰርጌ ላይ ማስዘፈኔ ጥፋት ነበር!»

ጩኸቱ በጸጥታው ላይ ወደቀ። ሄለን ወደ ውሃው ዞረች። ድራመሩ ጫማውን ማሰር ጀመረ፣ ጫማው ግን ሰንደል ነበር። ታንኳው ላይ ያሉት ሰውዬ መቅዘፊያቸውን አንስተው፣ «እንግዲህ ይቅር በይው!» ብለው አለፉ።

እትዬ ዙፋን በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥሁ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳየው ሳቅ ነው።

«አስራ አምስት ዓመት አፍነህ ይዘህ፣ ለጣና ሙሉ ትናገረው?» አለችው።

«ላንቺ ብቻ ነበር ያሰብሁት» አለ፤ ፊቱ ቀልቷል። «አውቄ ነው ያደረግሁት ዙፋን። እንድትሰሚው ነበር። ከዚያ ወዲህ አፍሬ ኖርሁ።»

ሳቋ ቆመ። ይህን አውቆ ማድረጉን እስከዚያ ቀን ነግሯት አያውቅም። «እሱንስ አውቀው ነበር» አለች። ሞተሩ ተነሣ። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ ዘጌ አዞረች።

ወደቡ ላይ አንድ አረጋዊ ቄስ ጠበቁን። መስቀል ተሳለምንና ሄለን ፈቃድ ጠየቀች።

«ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» አሉ።

«ስለ ፍቅር ነው አባታችን።»

«ተጋብተዋል?»

«መጨረሻ ላይ ይጋባሉ።»

«እንግዲያው መጨረሻውን አስቀድሙት» አሉና ፈገግ ብለው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ርቀን እንድንሠራ የወደቡን ዳር አሳዩን።

ምሳ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በአዋዜ በላን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካሜራው ተዘጋጀ፤ እትዬ ዙፋን ግን እስከዚያ ድረስ ምን እንደወሰነች አልተናገረችም። ድንገት ተነሣችና ሄለንን ጠራቻት።

«ካሜራው ወደ እኔ አይዙር። የሚዋደዱትን ልጆች ቅረጹ፤ እኔ ከጎን ሆኜ እዘፍነዋለሁ።» ቀጥላ ወደ ጋሽ ሙሉቀን ዞረች። «አንተ ደግሞ አታፍጥነው። ያኔም ታፈጥነው ነበር።»

ጀመርን። በመጀመሪያው ዙር ዝንጀሮዎች ከቡናው ጫካ ውስጥ ተጯጩኸው አበላሹት። በሁለተኛው ጋሽ ሙሉቀን አንድ ኖታ ሳተ፤ ግራ እጄን ወደ ታች አውርጄ ቦታውን ሞላሁለት። ሦስተኛው ላይ ዘፈኑ ሄደ። የእትዬ ዙፋን ድምፅ እንደ ካሴቱ ቀጭን አልነበረም፤ ወፍሯል፣ ትንሽ ተሰነጣጥቋል፣ «ጠብቀኝ» ስትል ግን የምትለምን ሴት አትመስልም፤ እንደምትመጣ የምታውቅ ሴት ናት። ሁለተኛው አዝማች ላይ ወደ ባሱ ዞረችና የእጁን ምት እያየች ዘፈነች። ተዋናዮቹ ውሃው ዳር ተቃቅፈው ቆሙ። ሄለን «ቁረጥ» ማለት ረስታ ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ካሜራው መቅረጹን ቀጠለ፤ የሚሰማው ማዕበሉ ብቻ ነበር።

ከመመለሳችን በፊት እትዬ ዙፋን ከወደቡ ሴቶች ሁለት ኪሎ የዘጌ ቡና ገዛች። አንዱን ለጋሽ ሙሉቀን ሰጠችው።

«ይህን ለሚስትህ ስጣት። ከእኔ ነው በላት።»

 ቡናውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ቆላ ድባ ስገባ አስር ሰዓት አልፏል። ጎረቤቴ አስካለች ቀድሞ ወሬው ስለደረሳት በር ላይ ጠበቀችኝ። የተልባ ውሃ እየጠጣን ሁሉንም ተረክሁላት።

«ልጁና ልጅቷ ይጋባሉ?»

«ይጋባሉ።»

«ሽማግሌዎቹስ? ታረቁ?»

«ታረቁ።»

«ተመለሱ ማለት ነው?»

«አልተመለሱም። እሱ ወደ ሚስቱ ገባ፣ እሷም ወደ ቤቷ።»

አስካለች ቅር አላት። «እንዲህም አድርጎ መታረቅ አለ?» አለችኝ።

እኔም ከዚህ ጉዞ በፊት ያለ አይመስለኝም ነበር። እርቅ የምንለው የተለያየውን መልሶ አንድ ቤት ማስገባት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእነሱ ግን ለየቤታቸው ቀለል ብሏቸው መግባት ነው። ለአስካለች ይህን በደንብ ማስረዳት አልቻልሁም፤ ዘፈኑን ግን በቀስታ አንጎራጎርሁላት፣ ሳላፈጥነው።