ወርቅቱ ያልሠለጠነችበት የለም

የአከራዬ ልጅ ወርቅቱ፣ እዚህ ፉሪ ውስጥ ያልሠለጠነችበት ሙያ የለም። ዶሮ እርባታ ሠልጥናለች፤ ዶሮ ግን የላትም። የኮብልስቶን ሥራ በተጧጧፈበት ጊዜ ፀጉር ሥራ አስተማሯት፤ ከተማው በፀጉር ቤት ሲሞላ ደግሞ ድንጋይ ጠረባ ላኳት። እሷ ጠርተዋት ቀርታ አታውቅም። ወደ ሰበታ መዳረሻ ያለው የአባቷ የጤፍ ማሳ ለልብስ ፋብሪካ ሲወሰድ፣ ለልጆቹ የሥራ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተነግሯቸው ነበር። እዚያ ፋብሪካ መግባት ነው ምኞቷ፤ ሌላ የሚያጓጓት ነገር አላየሁም።

ፋብሪካው ሊከፈት ሲቃረብ የሥልጠና አስተባባሪው አቶ ዳኜ ሥራንና ሥልጠናን የሚያቀናጅ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ስብሰባ ይወዳሉ እንጂ። ለሁሉም ከተማ ድርሻው ይድረሰው ተባለና ትምህርቱ ሱሉልታ፣ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ቡራዩ፣ ፋብሪካው እዚሁ እኛ ጋ ሰበታ ሆነ። ይህን ነው እንግዲህ ቅንጅት የሚሉት። ወርቅቱ ለዚህ ቅንጅት ስትል አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር በሚኒባስ ስታቋርጥ ከረመች። እኔ ብሆን ገና በጠዋቱ እተወው ነበር። እሷ ግን የስፌት መኪናውን እንደ ልቧ የምታዝዘው ሆነች።

ፋብሪካው መቅጠር የጀመረው ሠልጣኞቹ በሚመረቁበት ዕለት ነው። እንግዶች ስለሚመጡ ማንም እንዳይቀር፣ ፋብሪካው ደግሞ የትም እንደማይሄድ አቶ ዳኜ ነገሯቸው። ወርቅቱ ቡራዩ ምረቃው ላይ አጨብጭባ ስትመለስ የዕለቱ ቅጥር አልቋል። የጎረቤታችን ልጅ ሣር ተሸክማ በበሩ ስታልፍ ተጠርታ ገብታለች።

በሩ ላይ የቀሩት ዘበኛው ኦቦ ባጫ ነበሩ፤ ከአባቷ ጋር አብረው ያረሱ ሰው ናቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰኞ ደግሞ ይቀጥራሉ» አሏት። «ግን ሥልጠና አለኝ እንዳትዪ። የሠለጠነ ደመወዝ ያስወድዳል፣ ምንም የማያውቀውን እኛው እናስተምረዋለን ነው የሚሉት።»

ሰኞ ዕለት በሩ ላይ ስትጠየቅ፣ የስፌት መኪና በእጇ ነክታ እንደማታውቅ ተናገረች። ወዲያው ተቀጠረች። መርፌ ውስጥ ክር እንዴት እንደሚገባ ሲያሳዩዋት አፏን ከፍታ ተመለከተች። እንዳይባንኑባት አንዳንዴ ሆን ብላ ስፌቱን ታጣምመዋለች። ይህን እየሳቀች ነበር የምታጫውተኝ፤ መሐል ላይ ዕንባዋ መጣ። እኔም ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ዳኜ የቅንጅቱን ውጤት ሊያስጎበኙ እንግዶች አስከትለው ፋብሪካው ከተፍ አሉ። ከመኪና መኪና እየዞሩ ቢፈልጉ ያሠለጠኑት ሰው የለም። ላብ በላብ ሆነው ሳለ ወርቅቱን አዩ። ደስታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መጡና፣ ተቆጣጣሪዋ አጠገቧ እንደቆመች፣ ይህች እኮ የእኛ ፍሬ ናት ብለው ለእንግዶቹ ማስረዳት ጀመሩ። ወርቅቱ እንጀራዋ ባንድ አፍታ ከእጇ ሊወጣ እንደሆነ ታያት። ብድግ አለች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼብዎት ነው መሰለኝ» አለች። «እኔ ሥልጠና የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም።»

አቶ ዳኜ ትንሽ አዩዋት። ከዚያም ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ አካባቢው ገና ብዙ ሥልጠና እንደሚያስፈልገው አስረዱ።