ታንክ የተቀዳበት ካሴት

ልጅ እያለሁ፣ ስዊድን አገር ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ጦርነት የሚገባው በካሴት ነበር። ባለፈው ሳምንት ምድር ቤት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ሳጸዳ ያ ካሴት እጄ ገባ። ሽፋኑ ላይ ያለችው ታንክ ደብዝዛለች። አንስቼ አሸተትኩት። አቧራና ያረጀ ፕላስቲክ ነው የሚሸተው፤ እኔን ግን የአባቴ ሽቶ ሸተተኝ።

አባቴ ስዊድን ሲመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ እኔን አዝላ ቀድማ ስትመጣ እሱ ደሴ ቀርቶ ነበርና፣ የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪወጣለት ድረስ የማውቀው በስልክ ድምፁን ብቻ ነው። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ያቀፈኝ ሰው ከፎቶው አጠር ያለ፣ ዝምተኛ፣ ሽቶው የሚከብድ ነበር። አማርኛ እሰማለሁ፤ ልናገር ስል ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ የጠየቀኝን ሁሉ በስዊድንኛ እመልስለታለሁ። እሱ ደግሞ ኤስኤፍአይ የሚባለውን የስዊድንኛ ትምህርት ገና መጀመሩ ነው። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ አባትሽን በአማርኛ መልሺለት እንጂ!" ስትለኝ፣ "ተያት ዘሃራ፣ ቀስ ብላ ትለምዳለች" ይላታል። ፊቱ ላይ ያለውን ቅሬታ ግን አየው ነበር። ልጄን ላግኝ ብሎ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ቢመጣ፣ ልጁ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ጠበቀችው። እኔም እኮ አባት ፈልጌ ነበር፤ ከየት እንደሚጀመር ነው የጠፋኝ።

ኮምፒዩተሩን የሰጠችን ከታችኛው ፎቅ የምትኖረው ቤሪት የምትባል አሮጊት ናት። ልጇ በወጣትነቱ የተጫወተበት፣ ቁልፎቹ የወየቡ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የድሮ ኮምፒዩተር ነው። ጆይስቲክ የሚባል ሁለት የመጫወቻ እጀታ፣ የካሴት ማጫወቻና ጨዋታ የተቀዳበት አንድ ካሴት ነበረው። የክፍሌ ልጆች ቤት የሚያብረቀርቅ የሲዲ ጨዋታ በሞላበት ዘመን ይህን ጉድ ለማን ላሳይ? አባቴ ግን ካሴቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ደሴ እያለ ካሴት ቤት ነበረው፤ መንዙማ ሲሸጥና የተበላሸ ካሴት ሲጠግን ነው የኖረው። ምንም ሳይጠይቅ ወስዶ የእናቴ ቴፕ ውስጥ ከተተው፣ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ዘፈን ሊሰማ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ቤቱን ሞላው። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠና፣ "ምነው፣ ዘፋኙን ምን አገኘው?" አለ። በሳቅ ፈነዳሁ። እሱ ፊት እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

አከፋፈቱን ቤሪት አሳየችን። ካሴቱ ሲዞር ቴሌቪዥኑ ላይ ባለቀለም መስመሮች ይራወጣሉ፤ ጨዋታው እስኪገባ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። አባቴ ለዚያ ጊዜ ሥራ አላጣለትም። ወሎዬ አይደል፣ መዳፎቹን ዘርግቶ ይመርቃል። "ያረብ፣ ይህን ነገር በሰላም አስገባልን! ሁለቱንም ታንክ ከእሳት ጠብቅልን!" ይላል። እናቴ ከወጥ ቤት "አሚን!" ትላለች። ሁለቱም ከተጠበቁማ ማን ሊሸነፍ ነው እያልኩ በሆዴ እስቃለሁ። አሚን ግን ከአፌ አይወጣም ነበር።

ግንብ በበዛበት ሜዳ ላይ የእኔ ታንክ አረንጓዴ፣ የእሱ ቡናማ ነበር። አባቴ ሰላም ሳይል አይተኩስም። ታንኩን ፊት ለፊቴ ያመጣና ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዘ እጅ ይነሳኛል። "ሰላም ሳይባባሉ መጣላት ነውር ነው" ይላል። እኔ አንዳንዴ እጅ ሲነሳ እመታዋለሁ፤ "እሺ፣ ሰላምታዬ ደርሶሻል ማለት ነው!" ብሎ ይስቃል። ከዚያ በኋላ ግን ምሕረት የለውም። ከግንብ ጀርባ ተደብቆ፣ ግድግዳ ነክቶ በሚነጥር ጥይት ያገኘኛል። እያወቀ ተሸንፎልኝ አያውቅም። ይህን እንዴት እወድለት ነበር! ሌላው ትልቅ ሰው ልጅ ናት ብሎ ይተውልኛል፤ እሱ እንደ እኩያው ይገጥመኝ ነበር።

በረዶ በሚጥልበት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማጫወቻው ካሴቱን በላው። ስከፍተው ክሩ ተጨማዶ፣ ተጠማዞ ወጣ። አለቀስኩ። ከዚህ ሰው ጋር የሚያገናኘን ያ ካሴት ብቻ መስሎኝ ነበርና፣ ካሴቱ ከሞተ ተመልሰን ባዳ መሆናችን ነው ብዬ ነው።

"አብሽሪ" አለኝ፤ ወሎዬ አይዞሽ ሲል እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አነጠፈ። ክሩን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ አቀናው፣ እርሳስ ከትቶ ቀስ ብሎ ጠቀለለው፣ ጥጥ ላይ ሽቶውን ጠብ አድርጎ የማጫወቻውን ውስጥ ጠረገ። ከኤስኤፍአይ አንገቱን ደፍቶ የሚመለሰው ሰው አሁን ጣቶቹ አንዴም አልተሳሳቱም። አፌን ከፍቼ አየሁት።

ካሴቱን ከተትነው፤ መሃል ላይ ቆመ። እንደገና ሞከርን፤ ቆመ። በሦስተኛው አባቴ ጆሮውን አስጠግቶ ጩኸቱን አዳመጠና "አሁን ዘፋኙ ተሽሎታል" አለ። ከዚያ መዳፎቹን ዘረጋ። "ያረብ፣ የልጄን ልብ አትስበርብኝ!"

እናቴ አረጋውያን የምትንከባከብበት ሥራ ገብታ ነበርና አሚን የሚል ሰው አልነበረም። አባቴ ወደ እኔ አልዞረም፤ ዓይኑን መስመሮቹ ላይ አድርጎ እጆቹን እንደዘረጋ ቀረ። ምርቃቱ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ሲቀር አላስቻለኝም።

"አሚን፣ ባባ" አልኩ።

እጆቹን ከፍ አድርጎ ምርቃቱን ቀጠለ። "እሷንም ትልቅ ሰው አድርግልኝ!" አለ። "አሚን!" "ከእናቷም ከእኔም አትለይብኝ!" "አሚን!" ታንኮቹ ገብተው ሜዳው ላይ ቆመዋል፤ የነካቸው ግን አልነበረም።

ዛሬ አባቴ አያት ሆኗል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ይመጣል። ልጄ በስልኩ የሚጫወተው ጨዋታ ላይ ታንኮቹ ጭቃቸው ሳይቀር ይታያል፤ ሲነካው ይከፈታል። አባቴ መዳፉን ሳይዘረጋ ጦርነቱ ተጀምሮ ያልቃል። "ይሄ እኮ መመረቂያ ጊዜ እንኳ አይሰጥም" ይላል። የድሮው ኮምፒዩተር ከተጣለ ቆይቷል፤ እኔም ብሆን ያንን ጩኸት ዛሬ የምታገሰው አይመስለኝም። ያ ሁሉ መጠበቅ ግን ይናፍቀኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኩ እምቢ አለ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትሽከረከራለች፣ ጨዋታው አይከፈትም። ልጄ በስዊድንኛ ያጉረመርማል። እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነው። አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁትና፣ ሳህኑን እንደያዝኩ "አሚን!" አልኩ።

"ገና ምን አልኩና?" አለኝ ከሳሎን።

"የፈለግከውን በል፣ ባባ።"