የመሀሉ ሥር

እስቲ ይሄን ስሙኝ፤ ስሙኝና ቅናት ነው በሉ። አዎ ቅናት ነው፣ ምን አባቱ።

ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። ቡታጅራ ዳር ሰፈራችን ውስጥ፣ ጀፎረው ላይ፣ ማለት በቤቶቹ መሀል የሚዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ነው ኳስ ስንራገጥ ያደግነው። እዛው ጀፎረው ዳር ካለው ትልቅ ዝግባ ግርጌ ሦስት ሥሮች መሬቱን ፈንቅለው ወጥተዋል። አንድ አንድ ደረሰን፣ የመሀሉ የኔ። ማንም የማንንም አይነካም። በኋላ አንዱ ዱባይ ሄደ፣ አንዱ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እኔ ከአስረኛ ወጥቼ ባጃጅ ላይ ተሰቀልኩ።

ለአረፋ እኛ ጋ የማይመጣ የለም፤ የትም ይሁን ይመጣል። ዘንድሮ ግን ሁለቱም ቀሩ። የዱባዩ ፈቃድ ከለከሉኝ አለ፣ የጉብሬው ፈተና። ችግር የለም፣ በቪአር፣ ዓይን ላይ በሚጠለቀው መነጽር ውስጥ፣ እየተገናኘን ነው፣ አንተም እኔ ጋ ና አለኝ የጉብሬው። ለካ የዱባዩ ሁለት መነጽር ገዝቶ አንዱን ለሱ ልኮለታል። ለኔስ ብል የናንተ ሰፈር ኔትዎርክ አይችለውም፣ ካምፓስ ዋይፋይ አለ ተባልኩ። ዋጥኩት።

በአረፋ ማግስት እናቴ ክትፎና ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ለሦስት ሰው የሚሆን። ዱባይ ላለው ማን ሊያጎርሰው ነው ብዬ ሳቅኩባት፤ ግን ይዤ ሄድኩ።

የጉብሬው የካምፓሱ ዋይፋይ እንዲደርሰው አጥሩ ሥር የተከራያት ክፍል በሯ ክፍት ነው። ሰላምታ ሰጥቼ ገባሁ። አልሰማኝም። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ለጥፎ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ይስቃል። ከኔ ጋ እንደዛ ከሳቀ ስንት ጊዜው። ኮባዬን ታቅፌ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ኋላ ሲያየኝ አቀፈኝና ወዲያው መነጽሩን ጭንቅላቴ ላይ ጫነው።

ወላሂ የኛው ጀፎረ ነው። ሣሩ፣ ዝግባው፣ ሦስቱ ሥሮች ሳይቀሩ። ሁለቱ ለወራት ተቀምጠው የሠሩት ነው፤ አንድ ቀን አልነገሩኝም። የዱባዩ ምስሉ ከወገቡ በታች የለም፣ ድምፁ ግን የራሱ ነው። "መጣህ አንተ ባጃጅ" አለኝ። ትከሻውን በትከሻዬ ልገጨው ዘልዬ ስሄድ የክፍሉን ቁም ሳጥን ገጨሁት። ከየቦታው ሳቁብኝ። ከሳቁት አንዱን አላውቀውም።

የመሀሉ ሥር ላይ ተቀምጧል። ከዱባዩ ጋ የሚሠራ፣ የራሱ መነጽር ያለው ልጅ ነው አሉኝ፤ ቡታጅራን በእግሩ ረግጦ አያውቅም።

"ወንድም፣ እዚህ በትከሻ አይደለም፣ እንዲህ ነው" ብሎ ሁለት መዳፉን አነሳ። የዱባዩም አነሳለት። የራሳቸውን ሰላምታ አውጥተዋል።

"እሱ የኔ ቦታ ነው" አልኩ።

"አቦ አታካብድ" አለ የዱባዩ። "ሌላ ሥር እንጨምርልሃለን፣ ደቂቃ አይፈጅም።"

ችግሩ ጀፎረ ላይ ሰው አይከለከልም። አይታጠርም፣ አይታረስም፤ መንገደኛ መጥቶ አረፍ ቢል ማንም አያስነሳውም። አባቶቻችን ያቆዩት ሕግ ነው። ስለዚህ ተነስ ልለው አልችልም። መነጽሩን አውልቄ ክትፎውን ፈታሁ። የጉብሬው ሁለቴ ጎረሰና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እየጠበቁኝ ነው ብሎ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። የሦስት ሰው ክትፎ ፊት ብቻዬን ቀረሁ።

አሁን ይሄን የማወራው እውነተኛው ሥር ላይ ተቀምጬ ነው። ግራዬም ቀኜም ባዶ ነው። ጀፎረ የሁሉ ነው፣ ገብቶኛል፤ በዛ ልጅም አልፈርድም። ግን እናንተ ሁለታችሁ፣ ሦስት ሥር ቆጥራችሁ ስትሠሩ፣ የመሀሉን ለማን ብላችሁ ነበር የሠራችሁት?