ጠመኔው እስኪቀመጥ

ክረምት ሲገባ የቤታችን በር ይሸታል። እርጥበቱ እንጨቱ ውስጥ ሲሰርግ፣ የራሰ ከሰልና የሞተ የባትሪ ድንጋይ ሽታ ከውስጠኛው ገጹ ይወጣል። እንግዳ ሰው አይታወቀውም። እኔ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ከተማችንን ሮብ ገበያን መታ ሲያደርጋት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ አውቀዋለሁ። ባሌ በነበረበት ጊዜ አፍንጫውን ወደ በሩ ያዞርና «ትምህርት ቤት ተከፈተ» ይለኝ ነበር። አሁን የሚለኝ የለም። ብቻዬን ደግሞ አልለውም።

ይህ በር፣ በር ከመሆኑ በፊት ሰሌዳ ነበር። ታሪኩን ላጫውታችሁ፤ ስጽፍ እጄ ስለሚዘገይ ታገሱኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከዚህ ሽቅብ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው ተረተር ላይ ነበር። እዚያ ጎረቤት ማለት ሲጠሩት የሚሰማ እንጂ ከደጃፍ የሚታይ አይደለም። አንድ በጋ ካድሬ መጣ። ወጣት ነበር፤ ከንፈሩ በብርዱ ተሰነጣጥቋል። ገበሬውን ሁሉ ሰብስቦ፣ መንግሥት የአገሩን ኑሮ ከሥሩ የሚለውጥ ዕቅድ ማውጣቱን ነገረን። ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ አያድግም አለ። ሁላችንም ወደ ሜዳው ወርደን በመስመር እንሰፍራለን፤ ከዚያ ውሃው በቧንቧ፣ መብራቱ በሽቦ ይመጣል፤ ክሊኒክ ይቆማል፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ዛሬ ሳስበው የሚዋሽ አይመስለኝም። ሲናገር ዓይኑ ሜዳው ላይ ነበር፣ መብራቱ ከወዲሁ የበራለት ያህል።

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ቆማ፣ «መብራቱስ በሽቦ ይመጣል፤ እኛ በምን እንመለሳለን?» አለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ሳቁ። ካድሬውም አብሮ ሳቀ። «መመለስ የሚባል ነገር የለም፣ እናቴ» አላት።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት የሚለውን ቃል ታቅፌ አደርኩ።

ቤታችን የሚነሳ ቀን እንደ ደቦ ያለው ጅጌ ተጠራ። የሣር ክዳን አንዴ ከተፈታ መልሶ ስለማይሆን፣ ወንዶቹ ግድግዳውን አላቀው ጣሪያውን እንዳለ በትከሻቸው አነሱት። ከታች እግራቸው ብቻ ይታያል። ከውስጥ አንዱ ግጥም ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ድምፃቸው ጥላሸት በጠጣው ሣር ሥር ስለታፈነ ቤቱ ራሱ የሚያዜም ይመስል ነበር። እኔ ዶሮ ታቅፌ ተከተልኩ። እናቴ ከሁሉም ኋላ፣ ከምድጃዋ ፍም በገል ይዛ መጣች። አንድ ጊዜም ዞራ አላየችም።

ሜዳው ውሃ የሚተኛበት ነበር። በመጀመሪያው ክረምት መደባችን ሥር ውሃ ገባ። ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለተሠሩ የአንዱ ጭስ በሌላው በር ይገባል። እርሻችን ተረተሩ ላይ ቀርቷል፤ አባቴ ወጥቶ እስኪደርስ የዘራነውን የእንግዶ ሰብል ዝንጀሮ ይጨርሰዋል። ቧንቧ አልመጣም። ሽቦ አልመጣም። ካድሬውም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ተባለ።

ትምህርት ቤቱ ግን ተሠራ። እያንዳንዱ አባወራ ሁለት ሁለት ቋሚና አንድ ሸክም ሣር አዋጣ። ባሏ የሞተባት አንዲት ድሃ ሴት የምታዋጣው እንጨት ስላልነበራት ግድግዳውን በጭቃ መረገች፤ ከእኔ ትንሽ ከፍ የሚል ልጇ ጭቃውን በእግሩ ያቦካላት ነበር። በኋላ ያገባሁት እሱን ነው። ሰሌዳውን ያጠቆርነው እኛ ልጆቹ ነን። የሞተ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን፣ ውስጡን ከከሰል ጋር ወቅጠን፣ የተጋጠሙ ሁለት ሳንቃዎች ላይ ለቀለቅነው። አስተማሪው ራቅ ብሎ ቆሞ አየውና፣ «ደብረ ማርቆስ የተማርኩበት ሰሌዳ እንዲህ አልጠቆረም» አለን። በኩራት እጃችንን ሳንታጠብ ከረምን።

በሁለተኛው ክረምት እናቴን ሳል ያዛት። ክሊኒክ ይቆምበታል የተባለው ቦታ ላይ የነበረው ችካል ብቻ ነው፤ በሬ ይታሰርበታል። በቃሬዛ ሮብ ገበያ አውርደው፣ በዚያው ቃሬዛ መለሷት። ከመሞቷ በፊት እጄን ያዘችና ጥፍሬ ሥር የቀረውን ጥቁር ተመለከተች።

«ውሃውም አልመጣ፣ መብራቱም አልመጣ» አለችኝ። «ከዚህ ሁሉ የመጣልን ያ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። እሱን እንዳትለቂ።»

አልለቅም ብዬ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ሳለሁ አንድ ቀን ሬዲዮ ያለው ጎረቤታችን እየሮጠ መጣ። መንግሥት ሐሳቡን ለውጧል፤ ገበሬው ወደ ፈለገበት ይሂድ ተብሏል። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ወዲያው ጣሪያዎቹ ሽቅብ መሄድ ጀመሩ፤ ሜዳውን እያቋረጡ፣ ያንኑ ዜማ እያዜሙ። አባቴ እናቴን ከቀበረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ሰሞን ነው። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ የሚመጣው አልገባኝም ነበር።

ለአዲሱ ግድግዳ ቋሚ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱ እንጨት ደግሞ የየሰዉ ነው።

ወንዶቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ሲመጡ እኛ ክፍል ውስጥ ነበርን። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ አስተማሪው ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ ይገለብጥልናል፤ እኛ እናነባለን። ያን ቀን የያዘው የአንድ ገበሬ ታሪክ ነበር። ገበሬው በቅሎውን እየሳበ ወደ ገበያ ይሄዳል። ወንዙን ሞልቶ ያገኘዋል። ከማዶ አንዲት ሴት ቆማለች።

በመስኮቱ አየናቸው። አባቴም ከመካከላቸው አለ። ግን አልገቡም። መምህር እያስተማረ መሐል መግባት በእኛ አገር ነውር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይሁን የመንግሥት ለውጥ የለውም። መጥረቢያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

አስተማሪው አያቸው። እጁ ብቻ ዘገየ። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ብራና ጸሐፊ እያሳመረ ያስቀምጠው ጀመር። አንድ መስመር ሲጨርስ በየስማችን እየጠራ አስነበበን፤ ሁላችንም ስናዳርስ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረን። ውጭ ያሉትም ያዳምጣሉ። የበቅሎዋን እምቢተኝነት ስናነብ አንደኛው ሳቀ፤ «የእኔ በቅሎ ናት» አለ። ጠመኔው ሲንቋቋ ይሰማኛል። ጉም ከጮቄ ወርዶ ክፍሉ ጨለም አለ። አስተማሪው «ሴትዮዋ ገበሬውን ስታይ እጇን አወዛወዘችና» ብሎ ጽፎ፣ የሚቀጥለውን ለማየት ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለ።

«መምህር፣ ይቅርታዎን» አሉ አንድ ሽማግሌ ከውጭ፣ በጣም በትሕትና። «ዝናቡ ደረሰ።»

አስተማሪው ቀና ብሎ አየን። ከዚያ ጠመኔውን የሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

ክዳኑ ሲወርድ ዝናቡ በላያችን ገባ። እኔ ሮጬ አባቴ ያዋጣው ቋሚ ላይ ተጠመጠምኩ። የእኛ ሁለቱ ይቅሩ ብዬ ለመንኩት።

«ልጄ፣ ሁለት እንጨት ቤት አያቆምም» አለኝ። አልተቆጣም። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። «እንጨቱ የእኛ ነው። ትምህርቱ የመንግሥት ነበር፤ መንግሥት ወሰደው።»

ጭቃ ስለማይነቀል፣ ግድግዳውን ለመረገችው ሴት ድርሻ የሚሆን አልተገኘም። ሽማግሌው፣ «የሰሌዳውን ሳንቃ ለልጇ ስጡት» አሉ። ልጁ ሰሌዳውን በጀርባው አዝሎ ሽቅብ ሲወጣ ከኋላው ነበርኩ። ጽሑፉ በዝናቡ እየታጠበ ነጭ ሆኖ በተረከዙ ላይ ይወርዳል። አባቴ ቋሚዎቹን ተሸክሞ ሲወጣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመ።

«ለመሆኑ ያቺ ከወንዙ ማዶ የቆመችው ሴት ምን አለችው?» አለኝ ሳይዞር።

«መምህሩ አልጻፈውም» አልኩት። እንጨቱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ መንገዱን ቀጠለ። አስተማሪው በማግሥቱ ሄደ። መጽሐፉም አብሮት ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ሽማግሌ ሲልክብኝ፣ አባቴ «ምን ሀብት አለው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ «አንድ በሬና አንድ ሳንቃ» አሉት። አባቴ ሳቀ፤ እኔ ግን ስለ ሳንቃው እሺ አልኩ። ባሌም የተማረው እኔ የደረስኩበት ድረስ ነበር። ያለችንን ትንሽ ትምህርት ሳንቃው ላይ ደጋግመን እየጻፍን፣ ያገኘነውን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ እያነበብን ኖርን። እህል ልንነግድ ሮብ ገበያ ስንወርድ ሳንቃውን ጥቁሩን ወደ ውስጥ አድርጎ የቤታችን በር አደረገው። ከወንዙ ማዶ ለቆመችው ሴት ንግግር ሲፈጥርላት ዕድሜውን ጨረሰ። ገበያው ሲቀዘቅዝብን «ተመለስ፣ ገበያው ተበትኗል አለችው» ይላል። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ «ና ተሻገር፣ ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች አለችው» ብሎኛል። አንዱንም ሁለተኛ ጊዜ አይደግመውም።

ባለፈው ጾም ታመመ። መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ደብረ ማርቆስ ሳናደርሰው ቀረን። ሰዎች በቃሬዛ ይዘውት እስከ ከተማው ዳር ሄደው ተመለሱ። ቃሬዛውን ሳይ እናቴን አየሁ።

የልጅ ልጃችን ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ከርሟል፤ ባሌ በዚህ በር ላይ ያስተምራት ነበር። መጨረሻ የጻፈላት ያንን ታሪክ ነው። እጁ ደክሞት «አወዛወዘችና» ላይ ሲደርስ፣ የቀረውን ነገ እጨርስልሻለሁ አላት። አልደመሰስኩትም።

ትናንት ሬዲዮ ስለ አዲስ ማሻሻያ ያወራ ነበር። ኢኮኖሚው፣ ትምህርቱ፣ ጤናው፣ ሁሉም ሊለወጥ ነው። የተናጋሪው ድምፅ የዚያን ካድሬ መሰለኝ፤ የሚዋሽ አይመስልም። ዘጋሁት።

ልጅቷ በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ጣቷን ከመጨረሻው ቃል ቀጥሎ ባለው ባዶ ጥቁር ላይ አድርጋ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በሩ ይሸታል።

«እምዬ፣ ሴትዮዋ ምን አለችው?»

ከባሌ ፍጻሜዎች አንዱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አንዱም አልመጣልኝም።

«ወንዙ ይጮኻል» አልኳት። «የምትለው ከዚህ ሆኖ አይሰማም።»