ከድምፁ ላይ የቆረጥኩት ጥያቄ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። «ዘገባዬ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም» እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልኩ! አሁን ግን ራሴን ሰለቸሁት።

ቡታጅራ ውስጥ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ። ጀርባቸው የተገጠበ፣ እግራቸው የተጎዳ የጋሪ አህዮችን በተከራዩት ግቢ አስጠግተው ያክማሉ። ከባለጋሪዎቹ ምንም አይቀበሉም። ኪራዩም፣ ገለባውም፣ መድኃኒቱም የሚሸፈነው ለመስቀልና ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚገቡት የአገሩ ልጆች በሚያዋጡት ነበር። መዋጮው ከቀረ ግቢው ይዘጋል። ይህን አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግኩት።

መስቀል ሲቃረብ ለሬዲዮ ዘገባ ከወልቂጤ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘነበች ግቢውን እያዞሩ አሳዩኝ። የሚናገሩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ለእኔ ግን ደረቀብኝ። ተቃዋሚ ድምፅ ያስፈልገኛል አልኩ። ጋሪ ተራ ወርጄ ማይክሮፎኑን ሸረፋ ለሚባል ባለጋሪ ደቀንኩ።

«ገንዘቡ ለአህያ መጠለያ ቢሰጥ ይሻልሃል ወይስ ለልጅህ መድኃኒት?»

ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ? ለአህያ ከሚሰጥ ለልጄ ይሰጠኛ!»

«ቀስ በል፣ አህያህ እንዳትሰማህ!» አሉ ጓደኞቹ።

አህያዋ ያን ጊዜ የት ነበረች? ወይዘሮ ዘነበች ግቢ፣ ጀርባዋ እየታከመ። «አላህ ይስጣቸው፣ እሳቸው ባይኖሩ ሥራ ፈት ነበርኩ» ብሎ እሱንም ነግሮኛል።

ወልቂጤ ተመልሼ ድምፁን ሳቀናብር ምርቃቱን ቆረጥኩት። የራሴን ጥያቄም ቆረጥኩት። «ለአህያ ከሚሰጥ ለልጄ ይሰጠኛ!» የሚለው ብቻ ቀረ። ለሰሚው ሸረፋ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ ወይዘሮዋን የተቃወመ መሰለ። ልጅንና አህያን ያጣላ ማን ነው? እኔ ነኝ። ሰዓት አጥሮኝ ነው እንዳልል፣ አላጠረኝም። ዘገባው እንዲያምርልኝ ነው የቆረጥኩት።

በዚያ መስቀል የአገሩ ልጆች እጃቸውን ሰበሰቡ። «ባለጋሪዎቹ ራሳቸው ያልፈለጉትን እኛ ምን አገባን?» አሉ። ያ ገንዘብ ለልጆች መድኃኒት የዋለ እንዳይመስላችሁ፤ ለማንም አልዋለም። ግቢው ተዘጋ፣ አህዮቹም ሳይድኑ ወደየጋሪያቸው ተመለሱ። የሸረፋ አህያ ብዙም አልቆየች። እሱን ደግሞ ባልንጀሮቹ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ብለው ሸሹት።

ወልቂጤ ድረስ መጥቶ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንተ የጠየቅከኝንስ የት አደረስከው?»

«የተናገርከውን አይደል እንዴ ያቀረብኩት?» አልኩት።

«ነው» አለና ሄደ።

ማስተካከያ ማቅረብ ምን ይከብድ ነበር? አላቀረብኩም። ይባስ ብሎ ዘገባው «ሚዛናዊ» ተብሎ ተመሰገነ፤ እኔም ለአዳዲስ ጋዜጠኞች በምሳሌነት አስተማርኩበት። ሚዛናዊ! ቃሉን ስሰማ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያፋጨኛል፤ ያም ሆኖ ሲያመሰግኑኝ «ኧረ ምንም አይደል» ከማለት ሌላ ያልኩት የለም።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኩትን ሰው ግን ባለፈው ሰሞን ቡታጅራ መናኸሪያ አገኘሁት። አሁን ሸክም ነው የሚሠራው። ሻንጣዬን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭኖ ሲወርድ ለየኝ።

«ጋሼ! ዛሬስ አትጠይቀኝም?» አለ፣ እየሳቀ።

ይቅር በለኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መኪናው ሊሄድ ነው ብዬ ተጣድፌ ገባሁ። መኪናው ግን ለመሙላት ገና ብዙ ሰው ይቀረው ነበር፤ ሸረፋም በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።