ለኩሙሻይ የዋና ልብስ የተፈለገበት በጋ

ኦሮዛሊ ከእኛ አጥር ቀጥሎ የሚኖር፣ ድምፁ ብዙ የማይሰማ ሰው ነው። ሥራው የሐይቁን ውኃ ልክ መመዝገብ ነው። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ወደ ዳር ይወርድና ውኃው ውስጥ የተተከለውን ቁጥር የተጻፈበት እንጨት አይቶ ወደ ከተማ ይደውላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላጓደለም። የመንደራችን የቶሶር ሰው ሲያላግጥበት፣ “እሱ ካልጠበቀው ሐይቁን ይሰርቁናል” ይላል። እሱም አብሮ ይስቅና መንገዱን ይቀጥላል።

ሚስቱ ሱዩምካን ሞስኮ ዳቦ ቤት ውስጥ ትሠራለች። “ለሁለት ክረምት ብቻ” ብላ ስትሄድ ልጃቸው ኩሙሻይ አምስት ዓመቷ ነበር። የቤቱ ጣሪያ ተቀየረ፣ ላም ተገዛች፤ ሁለቱ ክረምት ግን ሊያልቅ አልቻለም። መሐል ላይ አንዴ፣ አባቷ ሲሞቱ፣ ለአሥር ቀን መጥታ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲያ ልጇን የምታያት በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ ከአንገት በላይ እንጂ ሌላውን አያሳይም።

ኩሙሻይ አሥር ዓመት በሞላት በጋ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ሁሉ ዋና ለማስተማር ወሰነ። ዓመት ቀደም ብሎ ከታችኛው መንደር አንድ ልጅ ሰጥሞ ስለነበር ማንም አልተቃወመም። ከካራኮል ከተማ አንዲት ወጣት አሰልጣኝ መጣች። በመጀመሪያው ቀን ኩሙሻይ የአባቷን አሮጌ ካናቴራ ለብሳ ወደ ሐይቁ ወረደች። ሐይቁ ውስጥ ስትታጠብ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የምትለብሰው። ገና ወገቧ ድረስ ስትገባ ካናቴራው አየር ይዞ ተነፋ።

“ኩሙሻይ ድንኳን ለብሳ መጣች!” አለ አንዱ። ሳቁ እስከ ማዶ ተሰማ።

አሰልጣኟ ክፉ ሴት አልነበረችም። ለብቻዋ ጠርታ፣ “የኔ ቆንጆ፣ ሰፊ ልብስ ውኃ ይይዝና ወደ ታች ይጎትትሻል። በልክሽ የሆነ የዋና ልብስ እንዲገዙልሽ ለቤት ንገሪ” አለቻት።

ልጅቷ ለማንም አልተናገረችም። በየቀኑ ፎጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ ፀጉሯን ከቦዩ አርጥባ ትመለሳለች። አራተኛው ቀን ላይ ነው ያየኋት። ከመንገዱ በታች ካለው የአፕሪኮት ዛፍ ሥር ጉልበቷን አቅፋ የሌሎቹን ልጆች ጫጫታ ታዳምጣለች። አላስቻለኝም፤ ኦሮዛሊን በአጥሩ ላይ ጠራሁት።

“ልጅህ ዋና ልትማር ነው የምትሄደው ወይስ ዛፍ ልትጠብቅ?”

“ምን ማለትሽ ነው?”

ነገርኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ንዴት አልነበረም። እቃ ጠፍቶበት የት እንዳስቀመጠው የማያስታውስ ሰው ይመስል ነበር።

ሻይ ላይ ጠየቃት። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተ ስለ ሴት ልጅ ልብስ ምን ታውቃለህ አባዬ?” አለች፤ ልትጎዳው ፈልጋ ሳይሆን እውነቷን ነው። ኦሮዛሊ አምስት ዓመት ሙሉ ፀጉሯን ሲጎነጉን፣ ካልሲዋን ሲጠቅም፣ ሁሉንም ያወቀ መስሎት ነበር።

ታላቅ እህቱ ቱርዱካን ቦርሶክ የሚባለውን ሊጥ በዘይት ጠብሳ ስትመጣ ወሬውን ሰማች። “ይኼን ያህል ያደገች ልጅ ምን ዋና አስፈለጋት?” አለች። “እኔ ሐይቅ ዳር ተወልጄ ስልሳ ዓመቴ፤ ውኃው ከቁርጭምጭሚቴ አልፎ አያውቅም!”

“ለዚህ እኮ ነው ኤጄ፣ ጀልባ ስታዪ የምትጮኺው” አላት ኦሮዛሊ፤ ታላቅ እህቱን “ኤጄ” ነው የሚላት።

“ሳቅ አንተ! የግድ ነው ካሉህ ከአንገት እስከ እግሯ ይሸፈን።”

ኦሮዛሊ ወደ ሞስኮ ደወለ። ሱዩምካን እረፍት ላይ ነበረች፤ ነጭ ቆብ አድርጋለች፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ። ወዲያው የአንድ ሱቅ ፎቶ ላከችለት፤ ሁለት ቁራጭ፣ ዘርፍ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር።

“እዚህ ሁሉም ልጅ የሚለብሰው ይኼንን ነው” አለች።

“ይኼ የትልቅ ሴት ልብስ ነው፤ አሳንሰውት እንጂ። ልጅ ናት እኮ፤ ልጅ ትምሰል።”

“ከእህትህ ጋር ተማክረህ ጨርሰሃል ማለት ነው! ጆንያ አልብሳት እንግዲህ!”

“ሱዩም፣ ልትዋኝ ነው እንጂ ልትታይ አይደለም።”

ከበስተኋላዋ የዳቦ ቤቱ ማሽን ይጮኻል። በመጨረሻ፣ “እኔ እልካለሁ” አለች፤ “እናቷ እኔ ነኝ። ሌላ እንዳትገዛ።”

ልብሱ ወደ አገር በሚመለስ የመንደራችን ሰው እጅ በዘጠኝ ቀን ደረሰ። ከአንገት እስከ ጭን አንድ ወጥ፣ ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ሦስት ዳክዬዎች የተሳሉበት። የኦሮዛሊን ሐሳብ ሰምታለች ማለት ነው። ኩሙሻይ ይዛው ወደ ውስጥ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ቀሚሷን እንደለበሰች ነው፤ ቢጫው ልብስ በእጇ ላይ ተጣጥፏል።

“ከጉልበቴ አያልፍም” አለች። ከዚያ አባቷ እንዳያዝን ብላ መሰለኝ፣ “እማዬ እኮ ገና ትንሽ የሆንኩ መስሏት ነው” ብላ ጨመረች።

ኦሮዛሊ ያን ዕለት ሲደውል እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ወተት ልቀበል ሄጄ።

“ልክ ሆናት?” አለች ሱዩምካን፣ ገና ሳይጣራ።

“ቆንጆ ነው። ግን... ጠበባት።”

“በጣም?”

“በጣም።”

“ቁመቷ ስንት ደርሷል?”

ኦሮዛሊ የሐይቁን ልክ በዚያ ጠዋት እስከ መጨረሻዋ ሴንቲ ሜትር ያውቅ ነበር። የልጁን ግን አያውቅም። አንገቱን ደፍቶ፣ “ቆይ” አለና ወደ እኔ ዞረ። “የልብስ ሰፊ ሜትር አለሽ?”

ሮጬ አመጣሁ። ኩሙሻይ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ቆመች። እኔ እለካለሁ፣ አባቷ በስልኩ ይናገራል፣ እናቷ እዚያ ማዶ በዱቄት ከረጢት ላይ ትጽፋለች።

“አንድ ሜትር ከአርባ አንድ።”

“አርባ አንድ? እንዳትሳሳት።”

“ሁለት ጊዜ ለካናት።”

በስልኩ ላይ ሱዩምካን ከወንበሯ ተነሳች። መዳፏን ዘርግታ ከራሷ አካል ጋር ለካች፤ ወገቧ ላይ ጀመረች፣ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው፣ እንደገና ከፍ አደረገችው። “ትከሻዬ ጋ ደርሳለች ማለት ነው” አለች። እጇን እዚያው አየር ላይ እንደያዘች ቀረች፤ የአንድ ሰው ራስ ላይ ያረፈ ይመስል።

ቆይታ፣ “አንተና እሷ ሂዱና ግዙ” አለች። “እሷ ትምረጥ። እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው፤ ስትዋኝ የማይጎትታት፣ ስትወጣ የማያሸማቅቃት።”

“ለእህቴ ማን ይነግራታል?”

“አንተ ነህ የምትነግራት፤ እኔማ ሩቅ ነኝ፣ ልትመታኝ አትችልም” አለችና ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሁለቱ አብረው ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ቦኮንባየቮ ወደሚባለው ከተማ ገበያ ወረዱ። የዋና ልብስ የምትሸጠው ማይራም የምትባል ወፍራም ሴት ናት። ኦሮዛሊ ከድንኳኗ ውጪ ባርኔጣውን ይዞ ተገተረ።

“ምን ትጠብቃለህ? ግባ እንጂ!” አለችው።

“እዚህ ይሻለኛል።”

“እናቷስ?”

“ሩቅ ናት።”

የማይራም ሁለት ምራቶችም ለሥራ ሄደው ሩቅ ናቸው። ሌላ አልጠየቀችም። መጋረጃውን ዘግታ ከውስጥ የምትለው ይሰማ ነበር፤ “እጅሽን ወደ ላይ! ጎንበስ! አሁን ቁጭ ብድግ በዪ። ትከሻሽ ላይ ካነቀሽ ጠቧል፤ ከተንጠለጠለም ሰፍቷል። በመስታወቱ አትመኚ፣ ተንቀሳቀሺና ሰውነትሽ ይንገርሽ።”

ኩሙሻይ ጥቁር ሰማያዊ መረጠች፤ አጭር እጅጌ ያለው፣ እግሩ እንደ ቁምጣ ወደ ጉልበት የወረደ። ለአባቷ አንጠልጥላ አሳየችው። “ምቾት አለው?” አላት። “አለው።” “እንግዲያው ጨርሰናል።” ቱርዱካን ስታየው ጨርቁን በጣቷ ደጋግማ ሳበችና፣ “ጠንካራ ነው” ብላ አለፈችው፤ ከእሷ ይኼ ምርቃት ነው።

ሰኞ አባትና ልጅ አብረው ወረዱ። እኔም ምንጣፍ ላጥብ ዳር ነበርኩ። ጠጠሩ ላይ ሲደርሱ ኩሙሻይ ቆመች።

“አባዬ፣ ከዚህ አትለፍ። ፊትህንም ወደ ተራራው አዙር።”

“ብትሰጥሚስ?”

“አሰልጣኟ አለች አይደል?”

አዞረ። ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ በረዷማውን ተራራ እያየ ተቀመጠ። ጫጫታው ሲነሳ አንገቱ ቀስ ብሎ ያዘነብል ነበር፤ ከሃያ ልጅ ድምፅ የእሷን ለመለየት። በኋላ እንደነገረኝ አልቻለም።

ስልኩ ጮኸ። ሱዩምካን ናት።

“ገባች? አሳየኝ!”

“አትቅረጸኝ ብላለች። ስልክ ውስጥ የገባ ምስል ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም አለች።”

“ለእኔም?”

“ለአንቺም። ‘ስትመጣ ታየኛለች’ ነው ያለችው።”

“ልክ ናት” አለች ሱዩምካን። “በቃ ድምፁን ብቻ አሰማኝ።”

ኦሮዛሊ ዞር አላለም። ስልኩን በትከሻው ላይ አሳልፎ ወደ ሐይቁ ዘረጋው። ክንዱ እስኪዝል ድረስ እንደዚያ ይዞ ቆየ። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ውኃው ይንቦራጨቃል፤ በሁለት አገር ያሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ ያዳምጣሉ።

ሱዩምካን በዚያ በጋ አልመጣችም። ኩሙሻይ በጋችን የሚያበቃበት ነሐሴ ሳያልቅ የመዋኛው ድንበር እስከሆነው ቀይ ተንሳፋፊ ኳስ ድረስ ዋኝታ መመለስ ቻለች።